አኦርታው በአሴቲልኮሊን ለምን አልላላም?

የተላከው ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «ሱሉልታ ባለ አነስተኛ ላብራቶሪ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን እየሠራሁ ነው። የዊስታር (የላብራቶሪ ዝርያ) አይጥ አኦርታ፣ ማለትም ከልብ የሚወጣውን ትልቁን ደም ቅዳ፣ በ3 ሚሊሜትር ቀለበት እየቆረጥኩ ኦርጋን ባዝ (ሕብረ ሕዋስን በሕይወት የሚያቆይ ሞቃት የፈሳሽ ዕቃ) ውስጥ እሰቅላለሁ። በ1 ማይክሮሞላር ፌኒሌፍሪን ጥሩ አድርጎ፣ እስከ 2 ግራም ድረስ ይኮማተራል። አሴቲልኮሊን ከ1 ናኖሞላር ተነስቼ እስከ 10 ማይክሮሞላር ደረጃ በደረጃ ስጨምርበት ግን የሚላላው 10 በመቶ አይሞላም። መጨረሻው ላይ እንዲያውም ትንሽ ወደ ላይ ይወጣል። ሶዲየም ናይትሮፕሩሳይድ ሲገባ ሙሉ በሙሉ ይላላል። የጦስኝ ኤክስትራክቴ ደግሞ 70 በመቶ ያላላዋል። አይጦቹ ታመው ይሆን ወይስ መድኃኒቱ ነው? ኤክስትራክቱ በኢንዶቴሊየም (በደም ቅዳው የውስጥ ሽፋን) በኩል ይሠራል ብዬ መጻፍስ እችላለሁ?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልነሳ። አትችይም። በእጅሽ ያለው ውጤት እንዲያውም ወደ ተቃራኒው ነው የሚያዘነብለው። የውስጥ ሽፋኑ ሥራ ባቆመበት ቀለበት ላይ ኤክስትራክቱ 70 በመቶ ካላላ፣ ቢያንስ አብዛኛውን ሥራውን ያለ ሽፋኑ ነው የሠራው ማለት ነው። ይህን ለማለት ግን መጀመሪያ ሽፋኑ በእርግጥ ሥራ ማቆሙን ማሳየት አለብሽ።

አይጦቹን ለጊዜው ተያቸው። ፌኒሌፍሪን 2 ግራም ያኮማተረው ጡንቻ ጤነኛ ነው። ናይትሮፕሩሳይድ ሙሉ በሙሉ ያላላው ጡንቻ ደግሞ የመላላት መንገዱ እስከ መጨረሻው ክፍት ነው። ስለዚህ ጥፋቱ ከጡንቻው በላይ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ወይም ወደ ሽፋኑ በላክሽው መልእክት ላይ። ለምን እንዲህ በእርግጠኝነት እንደምናገር ለማየት መንገዱን ደረጃ በደረጃ መከተል ይጠቅማል።

የደም ቅዳው ለስላሳ ጡንቻ አሴቲልኮሊን በቀጥታ ሲያርፍበት አይላላም፤ ምላሽ ከሰጠም የሚሰጠው መኮማተር ነው። የሚላላው አሴቲልኮሊን ከውስጥ በኩል ያለውን አንድ ረድፍ የኢንዶቴሊየም ሴል ሲያገኝ ነው። እዚያ ኤም 3 የሚባለው ሙስካሪኒክ ተቀባይ ላይ ሲቀመጥ በሴሉ ውስጥ ካልሲየም ይጨምራል። ካልሲየሙ ከካልሞዱሊን ጋር ሆኖ ናይትሪክ ኦክሳይድ ሲንቴዝ የተባለውን ኤንዛይም ያነሳሳዋል። ኤንዛይሙ ኤል-አርጂኒንንና ኦክስጅንን ወስዶ ሲትሩሊንና ናይትሪክ ኦክሳይድ ያወጣል። ናይትሪክ ኦክሳይድ ጋዝ ስለሆነ ማጓጓዣ አያስፈልገውም፤ በሴሉ ሜምብሬን ውስጥ አልፎ ከጎን ያለው ጡንቻ ዘንድ ይደርሳል። እዚያ ጓኒሌት ሳይክሌዝን ያነሳሳል፣ ሳይክሊክ ጂኤምፒ ይከማቻል፣ ካይኔዝ ጂ ይነሳል፣ የጡንቻው ካልሲየም ይቀንሳል፣ ማዮሲንን ከፎስፌት የሚያላቅቀው ኤንዛይም ይበረታል። ቀለበቱም ይላላል። ናይትሮፕሩሳይድ የሚገባው ከዚህ ሰንሰለት መሀል ነው። ናይትሪክ ኦክሳይዱን ራሱ ተሸክሞ ስለሚመጣ ሽፋኑ ኖረ አልኖረ ግድ የለውም። የአንቺ ቀለበት ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ በትክክል ሠርቷል።

ይህ ነገር እስከ 1980 ድረስ ግልጽ አልነበረም። አሴቲልኮሊን በሕይወት ያለ እንስሳ ላይ የደም ግፊት ይጥላል፤ ተቆርጦ የወጣ የአኦርታ ጥብጣብ ላይ ግን ያኮማትራል፤ ሁለቱን የሚያስታርቅ ሰው ጠፍቶ ነበር። ኒው ዮርክ ብሩክሊን ውስጥ ይሠራ የነበረው ሮበርት ፈርችጎትና የሥራ ባልደረባው ዛዋድዝኪ በዚያ ዓመት ያሳዩት፣ ጥብጣቡ ሲዘጋጅ የውስጥ ፊቱ ከባዕድ ነገር ጋር እየተፋተገ ሽፋኑ ይጠፋ እንደነበር ነው። ሳይፋተግ የተዘጋጀው የጥንቸል አኦርታ ላላ፤ ሆን ተብሎ የተፋተገው አልላላም። ሽፋን የሌለውን ጥብጣብ ሽፋን ካለው ጋር ፊት ለፊት አጋጥመው ሲሰቅሉት ደግሞ ሽፋን አልባውም ላላ፤ ስለዚህ ከሽፋኑ የሚወጣ ነገር አለ ማለት ነው። ያ ነገር ናይትሪክ ኦክሳይድ መሆኑ በ1980ዎቹ መጨረሻ ተረጋገጠ፣ በ1998 ፈርችጎት፣ ኢግናሮና ሙራድ የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ይህን የማነሳው ለታሪክ ያህል አይደለም። አንቺ ያገኘሽው ግራፍ ከ1980 በፊት ብዙ ላብራቶሪ ውስጥ ይወጣ የነበረው ግራፍ ነው፤ ዋናው ተጠርጣሪም ያው የእጅ ንክኪ ነው።

ወደ ፍተሻው እንግባ። ሦስት ተጠርጣሪ አለ፦ ሽፋኑ ተልጧል፣ አሴቲልኮሊኑ ሞቷል፣ ወይም ቀለበቱን ከልክ በላይ አኮማትረሽዋል። ሦስቱን ለመለየት አዲስ ዕቃ መግዛት አያስፈልግሽም።

መጀመሪያ ኤል-ኔም፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ ሲንቴዝን የሚዘጋው መድኃኒት። ቀለበቱን በዝቅተኛ ፌኒሌፍሪን፣ ለምሳሌ በ0.1 ማይክሮሞላር አኮማትሪና መስመሩ ሲረጋ 100 ማይክሮሞላር ኤል-ኔም ጨምሪበት። ጤነኛ ሽፋን ማንም ሳያዝዘው ሁልጊዜ ጥቂት ናይትሪክ ኦክሳይድ ያወጣል፤ ኤል-ኔም ይህን ሲዘጋው ቀለበቱ በሚቀጥሉት ከ15 እስከ 20 ደቂቃዎች ጎላ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ከወጣ ሽፋኑ አለ፤ አሴቲልኮሊንሽን ጠርጥሪ። ምንም ካልተንቀሳቀሰ ሽፋኑ የለም። የዚህ ፍተሻ ጥሩነቱ አሴቲልኮሊኑን ራሱን ሳይጠቀም መፍረዱ ነው።

ቀጥሎ አሴቲልኮሊኑን ለብቻው ፈትኚው። ከዚያው አይጥ 2 ሴንቲሜትር የሚሆን የትንሹ አንጀት መጨረሻ ቆርጠሽ በ1 ግራም ውጥረት ስቀይና ከዚያው ብልቃጥ 1 ማይክሮሞላር ስጪው። በሰከንዶች ውስጥ ዘሎ መኮማተር አለበት። ዝም ካለ ብልቃጡን ጣይው። መጨረሻ ላይ ያየሽው ትንሽ መውጣት መድኃኒቱ ጨርሶ አለመሞቱን ይጠቁማል፤ ሽፋን የሌለው ጡንቻ በከፍተኛ መጠን እንዲህ ማድረግ ይችላል። ይህ ነገር በጥንቸል አኦርታ ላይ ጎልቶ ይታያል፤ በአይጥ ላይ ትንሽ ነው፣ አንዳንዴም የለም። ሌላም ምክንያት ሊኖረው ይችላል፦ ያረጀ ወይም ግፊት ያለበት አይጥ ሽፋን በከፍተኛ የአሴቲልኮሊን መጠን የሚያኮማትሩ ፕሮስታኖይዶች ያወጣል። የፕሮስታኖይድ መሠራትን የሚከለክለውን ኢንዶሜታሲን 10 ማይክሮሞላር 30 ደቂቃ ቀደም ብለሽ ስታስገቢ ያ መውጣት ከጠፋ፣ ምንጩ ይህ ነው፤ ሽፋኑም በከፊል አለ ማለት ነው።

አሴቲልኮሊን ለምን ይሞታል? ዱቄቱ እርጥበት ይስባል። ክዳኑ ተከፍቶ የቆየ ብልቃጥ ውስጥ ተጣብቆ የምታይው ዱቄት ውሃ የጠጣ ነው፣ ሚዛንሽም ውሸት ይነግርሻል። ከሲሊካ ጄል ጋር በማቀዝቀዣ አስቀምጪው፤ ስታወጪው ደግሞ ብልቃጡ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ሳትከፍቺ ጠብቂ። የተሟሟው ደግሞ በአልካላይ ፈሳሽ ውስጥ በፍጥነት ይፈርሳል። ስለዚህ መነሻውን ፈሳሽ በክሬብስ (ቀለበቱ የሚቀመጥበት የጨው ፈሳሽ) ውስጥ በፍጹም አታዘጋጂ። 18.2 ሚሊግራም አሴቲልኮሊን ክሎራይድ በ10 ሚሊሊትር የተጣራ ውሃ 10 ሚሊሞላር ይሆናል፤ ፒኤቹን ወደ 4 ግድም በደካማ አሲቴት አድርጊው፣ በረዶ ላይ አቆይው፣ በየቀኑ አዲስ አቅጥኚ።

ለ10 ሚሊሊትር ባዝ አጨማመሩ እንዲህ ይሄዳል፦ ከ1 ማይክሮሞላር ቅጥን 10 ማይክሮሊትር 1 ናኖሞላር ይሰጥሻል፤ በዚያው ላይ 20 ማይክሮሊትር ስትደግሚ 3 ናኖሞላር ይሞላል። ከ10 ማይክሮሞላሩ 7 ማይክሮሊትር 10 ናኖሞላር ያደርሰዋል፣ 20 ሲጨመር 30። እንዲህ በየቅጥኑ 7 እና 20 እያልሽ 10 ማይክሮሞላር ትደርሻለሽ። ጠቅላላ የጨመርሽው 118 ማይክሮሊትር ነው፣ ባዙን አያቀጥነውም። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ቀድሞ የገባውን ሳይቀንስ በየደረጃው ሙሉውን መጠን እንደ አዲስ ሲጨምር ነው፤ ግራፉ ከዚያ ወደ ግራ ይንሸራተታል።

ስለ ፌኒሌፍሪኑ፦ 1 ማይክሮሞላር ለአይጥ አኦርታ ወደ ጣሪያው የተጠጋ መጠን ነው። ጣሪያ የነካ ቀለበት የሚላላው በግድ ነው። ይህ ብቻውን ምላሽሽን ወደ 10 በመቶ አያወርደውም፤ 85 የሚሆነውን 60 ሊያደርገው ግን ይችላል። መጀመሪያ በሁለት ቀለበት ላይ የፌኒሌፍሪንን ሙሉ ግራፍ አውጪና ከከፍተኛው 70 በመቶ የሚያኮማትረውን መጠን ምረጪ፤ ሽፋን ባለው ቀለበት ብዙ ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.3 ማይክሮሞላር መሀል ይወድቃል። ሽፋን የተላጠ ቀለበት ከዚህ ባነሰ መጠን ይበልጥ ይኮማተራል፣ የሚገታው ናይትሪክ ኦክሳይድ ስለሌለ። ቀለበቶችሽ በ0.03 ማይክሮሞላር ጠንከር ብለው ከተኮማተሩ ያም ራሱ ምስክር ነው።

የእኔን ግምት ከጠየቅሽኝ ሽፋኑ ተልጧል። አንድ ረድፍ ሴል እንደ ወተት ስልባቦት በአንድ ንክኪ ይነሳል፤ ሲነሳም በዓይን አይታይም፣ ጡንቻውም አያማርርም። ስለዚህ አወጣጡን ቀስ ብለን እንየው።

አይጡ ከሞተበት ጊዜ አንስቶ አኦርታው ቀዝቃዛ፣ ጋዝ የሚገባበት ክሬብስ ውስጥ እስኪገባ ከ5 ደቂቃ በላይ አይውሰድብሽ። አኦርታውን ከአከርካሪው ላይ ስታላቅቂ አትጎትቺው። ሲለጠጥ የውስጡ ሽፋን ከጡንቻው ቀድሞ ይሰነጠቃል። አንዱን ጫፍ፣ በኋላ ቆርጠሽ የምትጥይውን፣ በወረንጦ ያዢና ከሥሩ ያለውን ተያያዥ ሕብረ ሕዋስ በመቀስ እየቆረጥሽ ተከተይ። ከዚያ በኋላ ወረንጦሽ መንካት ያለበት ከውጭ ያለውን ስብ ብቻ ነው።

ፔትሪ ዲሹ ውስጥ ስብና ተያያዥ ሕብረ ሕዋሱን ስታጸጂ አኦርታው ሁልጊዜ በፈሳሹ ይሸፈን። ለሁለት ደቂቃ አየር ላይ የቆየ ሽፋን ደርቆ ይሞታል። ውስጡ የቀረ ደም ካለ ቶሎ አውጪው፤ የረጋ ደም ሲላቀቅ ሴሎቹን ይዞ ይነሳል፣ ሄሞግሎቢን ደግሞ ናይትሪክ ኦክሳይድን ጠራርጎ ይወስዳል። የምታጥቢው ግን በሲሪንጅ እየገፋሽ አይሁን። ጫፉ የደነዘዘ ቀጭን ቧንቧ አፉ ላይ ብቻ አስጠጊና ክሬብሱ በራሱ ክብደት እንዲፈስ ተይው። መርፌ ወደ ውስጥ ከገባ የዚያ ክፍል ነገር አብቅቷል።

ቀለበቱን በአዲስ ምላጭ፣ በአንድ ምት ቁረጪ። መቀስ ሁለቱን ግድግዳ አጋጥሞ ይጨምቃቸዋል፤ ደነዝ ምላጭ ደግሞ ያንኑ ያደርጋል። 3 ሚሊሜትሩ ጥሩ ነው።

አሁን ዋናው ቦታ፣ መንጠቆው። ሁለት ቀጭን የማይዝግ ብረት ሽቦ በአንድ ቀዳዳ ውስጥ ማለፍ አለባቸው። ብዙ እጅ የሚሳሳተው የመጀመሪያውን ሽቦ ካስገባ በኋላ ሁለተኛውን ለማስገባት ቀለበቱን በሽቦው ላይ ወዲያ ወዲህ ሲያንሸራትተው ነው። ሽቦው የውስጡን ግድግዳ እንደ መላጫ ይፈትገዋል። ማድረግ ያለብሽ ቀለበቱን ፔትሪ ዲሹ ላይ አፉን ወደ ላይ አቁመሽ፣ በወረንጦ ከውጭ በኩል ብቻ ደግፈሽ፣ ሁለቱን ሽቦ ጎን ለጎን አንድ ላይ ቀጥ አድርገሽ ማሳለፍ ነው። ካለፉ በኋላ ቀለበቱ ከቦታው አይንቀሳቀስ፤ የሚንቀሳቀሱት ሽቦዎቹ ናቸው። የሽቦውን ጫፍ በአጉሊ መነጽር እዪው፤ ተቆርጦ ያልተሞረደ ጫፍ እንደ ቢላ ይልጣል።

ከተሰቀለ በኋላ ውጥረቱን በአንድ ጊዜ 2 ግራም አታድርጊው። በ0.5 ግራም ጀምሪና በ15 ደቂቃ ውስጥ ቀስ እያልሽ 2 ግራም አድርሺው። ከ60 እስከ 90 ደቂቃ በየ15 ደቂቃው እያጠብሽ አረጋጊው። 60 ሚሊሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ሁለት ጊዜ ስጪው፣ እጠቢ። ከዚያ በመረጥሽው የፌኒሌፍሪን መጠን አኮማትሪና 10 ማይክሮሞላር አሴቲልኮሊን አንድ ጊዜ ጨምሪ። ከ80 በመቶ በላይ ከላላ ቀለበቱ «ሽፋን ያለው» ተብሎ ሥራ ይጀምር። ከ10 በመቶ በታች ከሆነ «ሽፋን የሌለው» ነው። በመሀል ያለውን ጣይው፤ በከፊል የተላጠ ቀለበት ለየትኛውም ቡድን አይሆንም፣ አሳዝኖሽ ካስገባሽው አማካይሽን ያበላሸዋል።

ሱሉልታ ላይ በመሆንሽ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከመጽሐፍ የተገለበጠ የክሬብስ ቀመር የማያውቀውን። ካርቦጅን (ባዙ ውስጥ የሚገባው የኦክስጅንና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ድብልቅ ጋዝ) 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው ሲባል 5 በመቶው የሚሰላው ከአየር ግፊቱ ነው። ባሕር ጠለል ላይ ግፊቱ 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው፤ የውሃ ተኑን 47 ስትቀንሺ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ድርሻ 36 ግድም ይሆናል። ከእንጦጦ ማዶ ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ ግን ግፊቱ ወደ 560 ይጠጋል፣ ድርሻውም 26 ብቻ ነው። በ25 ሚሊሞላር ባይካርቦኔት የተሠራ ክሬብስ ባሕር ጠለል ላይ ፒኤች 7.47 አካባቢ ሲያርፍ፣ አንቺ ዘንድ 7.6 ይወጣል። ኦክስጅኑ ስለተትረፈረፈ አያሳስብም።

ፒኤች 7.6 አሴቲልኮሊንን ሙሉ በሙሉ አያከሽፍም፤ ዋናው ጥፋትሽ እዚህ አይደለም። ነገር ግን መነሻ ውጥረቱን ያንቀሳቅሰዋል፣ አሴቲልኮሊኑን በባዙ ውስጥ ቶሎ ያፈርሰዋል፣ ካልሲየሙን ከፎስፌትና ከካርቦኔት ጋር ያዘቅጠዋል። ክሬብስሽ ጋዝ ሳይገባበት ካልሲየም ስትጨምሪ ደመና ከመሰለ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ካልሲየም ሁልጊዜ ጋዝ ለ20 ደቂቃ ከገባ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ፣ ቀድሞ ከተሟሟ መነሻ ፈሳሽ ይገባል።

ለአንቺ ከፍታ የሚስማማው በሊትር፦ ሶዲየም ክሎራይድ 7.45 ግራም፣ ፖታሲየም ክሎራይድ 0.35፣ ፖታሲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት 0.16፣ ማግኒዥየም ሰልፌት ሰባት ውሃ ያለው 0.30፣ ሶዲየም ባይካርቦኔት 1.30፣ ግሉኮስ 2.0፣ ካልሲየም ክሎራይድ ሁለት ውሃ ያለው 0.37 ግራም፣ እንዲሁም ኢዲቲኤ 0.026 ሚሊሞላር። ባይካርቦኔቱ ወደ 15.5 ሚሊሞላር ስለወረደ የጎደለውን ሶዲየም በክሎራይዱ ሞልተነዋል። በ37 ዲግሪ ጋዝ እየገባበት ፒኤቹን ለኪው፤ 7.4 ላይ መቀመጥ አለበት። ፒኤች ሜትሩን በክፍል ሙቀት ባለ ባፈር አስተካክሎ ሞቃት ባዝ ውስጥ መንከር የተለመደ ስህተት ነው፤ ባፈሩንም አሙቂው። ካርቦጅን አልቆ የሆስፒታል ኦክስጅን ብቻ የምታስገቢ ከሆነ ደግሞ ይህ ቀመር አይሠራም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይባረርና ፒኤቹ ከ8 በላይ ይወጣል። ያኔ በሄፔስ (ያለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፒኤችን የሚያረጋጋ ባፈር) የተሠራ ፈሳሽ ያስፈልግሻል።

ብረትንና መዳብን አስሮ የሚይዘው ኢዲቲኤ ለጌጥ አይደለም። በውሃው ውስጥ የቀረ ብረትና መዳብ ሱፐርኦክሳይድን ያፈላል፣ ሱፐርኦክሳይድ ደግሞ ናይትሪክ ኦክሳይድን ጡንቻው ዘንድ ሳይደርስ ይበላዋል። የጉድጓድ ውሃ አንድ ጊዜ ብቻ ያጣራ ማሽን አይታመንም፤ ሁለት ጊዜ የተጣራ ይሁን። የታሸገ የመጠጥ ውሃ ምትክ አይሆንም፣ ካልሲየምና ባይካርቦኔት አለበት።

መብራት ሲጠፋ የሆነውንም ጻፊ። ባዙ ከ37 ወደ 30 ከወረደ ቀለበቱ በራሱ ይንቀሳቀሳል፤ መብራቱ ሲመለስ የሚታየው መላላት የኤክስትራክቱ አይደለም። ሙቀቱ ከ2 ዲግሪ በላይ የወረደበትን ግራፍ አትቁጠሪው።

አሁን ወደ ጦስኙ። ሽፋን ያላቸው ቀለበቶች በእጅሽ ከገቡ በኋላ ሥራው በሁለት ቡድን ይከፈላል። ሁለተኛውን ቡድን ሆን ብለሽ ላጪው፦ ቀለበቱን ክሬብስ ውስጥ እንዳለ በቀጭን የእንጨት ስንጥር ወይም በወረንጦ ጫፍ ላይ አድርገሽ በእርጥብ ማጣሪያ ወረቀት ላይ ለ30 ሰከንድ ቀስ ብለሽ አንከባልይው። በኃይል ከሆነ ጡንቻውም ይጎዳል፤ ስለዚህ የተላጠው በፖታሲየም ክሎራይድ ያልተላጠውን ያህል መኮማተር፣ በናይትሮፕሩሳይድ ሙሉ በሙሉ መላላት አለበት። ሁለቱንም ካላሳየሽ «ተላጠ» ያልሽው «ተገደለ» ሊሆን ይችላል።

ኤክስትራክቱ በሁለቱም ቡድን እኩል ካላላ መንገዱ ጡንቻው ላይ ነው። ይህ አያስደንቀኝም። ጦስኝ ዘይት ውስጥ ያሉት ቲሞልና ካርቫክሮል ያለ ኢንዶቴሊየምም የአይጥ አኦርታን እንደሚያላሉ የታወቀ ነው። በውሃ ያፈላሽው ኤክስትራክት ከሆነ ዘይቱ ጥቂት ነው፣ በኤታኖል ካወጣሽው ይበዛል፤ የትኛው እንደሆነ በጥያቄሽ አልጻፍሽም፣ በመመረቂያ ጽሑፍሽ ግን ይጠየቃል። በ60 ሚሊሞላር ፖታሲየም የተኮማተረውንም ካላላ የካልሲየም መግቢያን ይዘጋል ብለሽ መጠርጠር ትችያለሽ።

ሽፋን ባለው ላይ ብቻ ወይም በይበልጥ ካላላ ደግሞ 100 ማይክሮሞላር ኤል-ኔም ለ30 ደቂቃ፣ በሌላ ቀለበት 10 ማይክሮሞላር ኦዲኪው (የጓኒሌት ሳይክሌዝ መዝጊያ)፣ በሌላ ኢንዶሜታሲን፣ በሌላ 1 ማይክሮሞላር አትሮፒን (የሙስካሪኒክ ተቀባይ መዝጊያ) እያስገባሽ የቱ እንደሚያከሽፈው እዪ። ኤል-ኔምና ኦዲኪው ሁለቱም ካከሸፉት ናይትሪክ ኦክሳይድ ነው። አትሮፒንም ካከሸፈው ኤክስትራክቱ ሙስካሪኒክ ተቀባዩን እየነካ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጥናት የሚበላሽበት ጉድጓድ አለ፦ ኤል-ኔም የገባበት ቀለበት በዚያው ፌኒሌፍሪን ይበልጥ ይኮማተራል፤ ይበልጥ የተኮማተረ ደግሞ በምንም ቢሆን ያነሰ ይላላል። መቀነሱን «ናይትሪክ ኦክሳይድ ስለተዘጋ» ብለሽ ትጽፊያለሽ፣ እውነቱ ግን መነሻው ስላልተስተካከለ ነው። ኤል-ኔም ላለበት ቀለበት ፌኒሌፍሪኑን ቀንሺና ሁለቱን በእኩል ግራም አስነሺ።

የኤክስትራክቱን የራሱን ተንኮልም አትርሺ። ማሟሟያው ዲኤምኤስኦ ከሆነ በባዙ ውስጥ ከ0.1 በመቶ አይለፍ፣ ማሟሟያውን ብቻ የሚወስድ ቀለበትም ይኑርሽ። 1 ሚሊግራም በሚሊሊትር ስታስገቢ የባዙን ፒኤች ለኪ፤ ብዙ ቅጠል አሲዳም ነው። ፖታሲየምም አለበት፦ የኤክስትራክቱ 5 በመቶ ፖታሲየም ቢሆን በ1 ሚሊግራም 1.3 ሚሊሞላር ብቻ ይጨምራል፣ በ10 ሚሊግራም ግን 13 ሚሊሞላር፣ ይህ ራሱ ደም ቅዳን ያንቀሳቅሳል። ፖሊፌኖሎች ደግሞ ኦክስጅን በበዛበት ሙቅ ባይካርቦኔት ውስጥ ራሳቸው ኦክሲዳይዝ እየሆኑ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያወጣሉ፤ እሱም ያላላል። ፐርኦክሳይዱን የሚሰብረውን ኤንዛይም ካታሌዝን የጨመርሽበት አንድ ቀለበት ይህን ጥርጣሬ ይዘጋልሻል። ከ3 ሚሊግራም በሚሊሊትር በላይ የሚታይ መላላት በእኔ እምነት ስለ ተክሉ ብዙም አይነግርም።

አኦርታ ትልቅ ደም ቅዳ መሆኑንም በውይይት ክፍልሽ አስገቢ። እዚያ የሽፋኑ ሥራ ከሞላ ጎደል የናይትሪክ ኦክሳይድ ነው። የደም ግፊትን የሚወስኑት ትንንሾቹ ደም ቅዳዎች ላይ ግን ሽፋኑ በፖታሲየም ቻነሎች በኩል ጡንቻውን በኤሌክትሪክ የሚያረጋጋበት ሌላ መንገድ ይበረታል፤ ኤል-ኔምም አያቆመውም። ስለዚህ ከአኦርታ ተነስቶ «የደም ግፊት ይቀንሳል» ማለት አይቻልም፤ «የአይጥን አኦርታ ያላላል» ብቻ ነው የሚቻለው።

ለስታቲስቲክሱ ቁጥርሽ የአይጥ ቁጥር ነው። ከአንድ አኦርታ የወጡ አራት ቀለበቶች አራት ናሙና አይደሉም፤ በተለያየ ሕክምና ብታከፋፍያቸው ጥሩ ነው፣ በአንድ ሕክምና ላይ ከዋሉ ግን አማካያቸውን ወስደሽ እንደ አንድ ቁጠሪያቸው። የእስካሁኖቹን ግራፎች አትጣያቸው። የኤል-ኔሙና የአንጀቱ ፍተሻ ሽፋኑ መላጡን ካረጋገጠልሽ፣ እነሱን ባዘጋጀሽበት መንገድ ያዘጋጀሽው ሁሉ «ሳይታሰብ የተላጠ» ነው። ይህ የአሠራር ችግሩን ለአማካሪሽ ለማስረዳት ይጠቅማል፤ ሆን ብለሽ ልጠሽ በፖታሲየም ክሎራይድ የፈተሽሻቸውን ቀለበቶች ግን አይተካም።